ሚናን መለየት፦ የገና ጨዋታ፣ አጥቢያና የሻምፒዮና ጥያቄ በመንዝ

ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ከተማ ናት። የአንድ ወረዳ ስም ታቦት ተሸክሞ መገኘቱ ለሌላ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ ለመንዝ ሰው ግን የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በዚህ ደጋ የአገር ልክ የሚቆረጠው በአጥቢያ ነው። ሰው ክርስትና የሚነሣው፣ ማኅበር የሚጠጣው፣ የሚቀበረውም በአጥቢያው ነው። ይህን ማስቀደሜ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ገና ጨዋታ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ዱላው፣ ስለ ሩሯ ማለትም ስለ ኳሷና ስለ በዓሉ ይተርካል፤ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የጨዋታው ነፍስ ያለችው ግን እዚያች በታለፈችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው።

«ሚና» የሚለውን ቃል እንያዝ። ዛሬ በጋዜጣና በስብሰባ «የወጣቶች ሚና» ሲባል ድርሻ ማለት ሆኗል፤ በቲያትር ቤትም ተዋናዩ የሚጫወተው ገጸ ባሕርይ ነው። በገና ሜዳ ግን ሚና ወገን ነው። ሩሯ ከመለጋቷ በፊት ተጫዋቹ ሚናውን ይለያል፤ «ሚናህን ለይ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ይህን ፍቺ ዛሬም አልጣለም። በሁለቱ ፍቺዎች መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ድርሻ ከአንድ ሙሉ ነገር ተቆርሶ ለሰው የሚታደል ነው። ወገን ግን ያለ ተቃራኒው አይኖርም፤ ወዲህ ማዶ አለ ለማለት ወዲያ ማዶ ሊኖር ግድ ነው። ቃሉ ከሜዳ ወደ አዳራሽ ሲገባ ያጣው ይህን ወዲያ ማዶ ነው። በጨዋታው ላይም የደረሰው ተመሳሳይ ነገር ይመስለኛል።

የገና ጨዋታ የአዝመራ ማብቂያ ጨዋታ ነው። ታኅሣሥ ላይ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ሲቀር፣ የመንዝ ውርጭ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ሲያነጣው፣ ጎረምሳው ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ያሰናዳል። ሩሯ ከእንጨት ትጠረባለች፣ ወይም ከጠፍር ትገመዳለች። በዓሉ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ ትውፊቱም ጨዋታውን ከቤተልሔም እረኞች ደስታ ጋር ያያይዘዋል። የተጫዋች ቁጥር ገደብ አልነበረውም፣ ሜዳውም በኖራ አይሰመርም። ላይ ቤት ከታች ቤት፣ ያገባ ካላገባ ይገጥማል፤ ትልቁ ግጥሚያ ግን አጥቢያ ከአጥቢያ የሚያደርገው ነው። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሸነቁጠዋል። ግጥሙ የአንዱን ሰው አፍንጫ ወይም አሯሯጥ ቢያነሣም የሚወጋው ሰፈሩን ነው።

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ብሂል ብዙዎች የእኩልነት ምስክር አድርገው ይጠቅሱታል። ልክ ናቸው፤ ግን እኩልነቱ ከየት መጣ ብለው አይጠይቁም። እንደማስበው ምንጩ የወገን አከፋፈሉ ነው። በአዘቦት ቀን ኅብረተሰቡ በአግድም የተከፈለ ነበር፤ ባለርስቱ ከላይ፣ ጭሰኛውና ሎሌው ከታች። ገና ሲመጣ መስመሩ ወደ ቁም ይዞራል፤ ባለርስቱና ሎሌው አንድ ሚና ሆነው ማዶ ያለውን አጥቢያ ይገጥማሉ። ጌታው በዱላ ጫፍ ቢነካ የማይቆጣው ስለ ትሕትና ብቻ አይደለም። ለዚያች ቀን የገብርኤል ወይም የማርያም ሰው እንጂ ጌታ አይደለም። ደረጃን ያስረሳው የአጥቢያ ድንበር ነው፤ ድንበሩ ከሌለ የብሂሉ ትርጉም ይሳሳል።

ይህ ንባብ ከአንድ ትልቅ ምሁር ጋር ያጋጨኛል። ኢትዮጵያውያን «ጋሽ ሊበን» ያሉት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ መንዝ ታሪክና ባህል ጥናት አሳትሟል፤ በተከታዩ ዓመት በወጣው «ሰምና ወርቅ» ደግሞ የአማራው ሕይወት በግለኝነት የተቃኘ መሆኑን፣ ከቤተሰብና ከአለቃ ወዲያ ያለው የጋራ ትስስር የላላ መሆኑን ተከራክሯል። በርስት ሙግት ያየው እውነት ነው፤ ወንድም ወንድሙን በአንድ እርሻ ዳር ለዓመታት ይከስሰዋል። ግን እዚያው መንዝ ውስጥ የጓሳ ሣር ምድር አለ። አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚዎች በፈረስ ግልቢያ ተወዳድረው ተከፋፈሉት የሚል ትውፊት ያለው ይህ ሰፊ ምድር ቀሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት፣ አጥቢያን መሠረት አድርጎ፣ ለዘመናት በጋራ ተጠብቋል። ሣሩ እንዲያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚዘጋበት ጊዜ ነበር፤ ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ዘልቋል። ግለኛ ብቻ የሆነ ሕዝብ ለጎረቤቱ ሲል ሣር አምስት ዓመት ሳያጭድ አይቀመጥም። አጥቢያው በሣሩም በሩሯም ላይ የሚሠራ ሕያው አካል ነበር።

ንጽጽሩን የማመጣው ከአየርላንድ ነው፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ፣ የእነሱ ኸርሊንግ በዱላና በኳስ የሚደረግ የገናችን የሩቅ ዘመድ የሚመስል ጨዋታ ነው። ሁለተኛና ዋናው፣ የሌላው ጨዋታቸው የጌሊክ እግር ኳስ አመጣጥ ከአጥቢያ ጥያቄ ጋር የተጠላለፈ ነው። ደንብ ከመጻፉ በፊት በኬሪ ካውንቲ «ካድ» የሚባል ጨዋታ ነበራቸው፤ በአንድ ዓይነቱ ሁለት አጥቢያዎች ከቅዳሴ በኋላ በሜዳና በገደል እየተሻሙ ኳሷን ወደየድንበራቸው ለማስገባት ይውላሉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1 ቀን 1884 ማይክል ኩሳክና ጓደኞቹ በተርለስ ከተማ በሄይስ ሆቴል ተሰብስበው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበርን መሠረቱ፤ ማኅበሩም ያንን የሩጫና የግብግብ ጨዋታ በደንብ አሰረው። የተጫዋች ቁጥር ተወሰነ፤ ዛሬ 15 ለ15 ናቸው። ሜዳው ተሰመረ። አጥቢያው ግን አልተሰረዘም፤ ክለብ ተብሎ ተመዘገበ እንጂ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እወዳለሁ፤ ታሪኩ ቀጥ ያለ አይደለምና። እ.ኤ.አ. በ1887 በተጀመረው የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሻምፒዮና እያንዳንዱን ካውንቲ የወከለው እዚያ ያሸነፈው ክለብ ነበር፤ በእግር ኳሱ ዋንጫውን የወሰደው የሊምሪክ ካውንቲ ተወካይ የሆነው ኮሜርሻልስ ክለብ ነው። ቀስ በቀስ ግን የካውንቲ ምርጥ ቡድን የክለቡን ቦታ ወሰደ፤ ሕዝቡም ዓይኑን ወደ ምርጡ አዞረ። ክለቦች ከአራቱ አውራጃዎች ማለትም ከአልስተር፣ ከመንስተር፣ ከሌንስተርና ከኮናኽት ሻምፒዮንነት ተነሥተው ለአገር አቀፍ ዋንጫ መፋለም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1970–71 ነው። የመጀመሪያው የእግር ኳስ አሸናፊ ምሥራቅ ኬሪ ሲሆን የበርካታ ክለቦች ጥምር ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ጥምር የኬሪን ዋንጫ ቢያነሣ እንኳ ወደ መንስተር የክለቦች ውድድር አያልፍም። ወደዚያ የሚሄድ አንድ አጥቢያ የወለደው ክለብ ነው። ተጫዋቾቹም ደመወዝ የማይከፈላቸው ናቸው፤ እሑድ በተጫወቱበት አካባቢ ሰኞ አስተማሪ፣ ገበሬና አናጢ ናቸው።

የእኛ መንገድ ከላይ ጀመረ። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ገናን ከትግል፣ ከገበጣ፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር ደንብ ጽፎለት በየዓመቱ ክልሎችንና የከተማ አስተዳደሮችን ያወዳድራል። ይህን ሥራ የሚያቃልል ሰው ካለ አልስማማም፤ ደንቡ ባይጻፍ ብዙ ወጣት ገናን በስም ብቻ ያውቃት ነበር። ያየኋቸው ግጥሚያዎች ፈጣንና ያማሩ ናቸው። የጎደላቸው ወዲያ ማዶ ነው። የክልል ማልያ የለበሰ ተጫዋች የሚገጥመው ገበያ ላይ የማያገኘውን፣ ጥማድ የማይዋሰውን፣ ልጁን የማይድርለትን ሰው ነው። ስለዚህ ግጥም የሚያወጣበት ምክንያት የለውም፤ ቢያወጣም የሚያመው የለም። ሚና ድርሻ ሆነ።

አጥቢያን መሠረት ማድረግ አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ጥርስ የሚያረግፍ ዱላ በቂም እጅ ሲገባ ጨዋታ መሆኑ ያበቃል፤ ቀድሞም ሽማግሌዎች ሜዳ ዳር የሚቀመጡት ለዚህ ነበር። ሴት ልጆች በዚህ ሜዳ ላይ አልነበሩም፤ ይህ ጉድለት እንደ ቅርስ ሊጠበቅ አይገባውም። አየርላንዶችም ዘግይተዋል፦ የሴቶች ጌሊክ እግር ኳስ ማኅበር የተቋቋመው ከወንዶቹ 90 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974፣ በዚያው በሄይስ ሆቴል ነው። እኛ 90 ዓመት የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

የመንዝ ሰው ማማ፣ ላሎና ጌራ ብሎ የከፈለው ምድር ለሻምፒዮና የተሰናዳ ነው። ሐሳቤ ይህ ነው፦ በታኅሣሥ 19 የገብርኤል በዓል ማግሥት ጎረቤት አጥቢያዎች ይገጥማሉ፤ ለገና ያሸነፉት ዘመሮን ወደመሰለ የወረዳ ከተማ ይወርዳሉ፤ ጥር 11 ጥምቀት ሳይደርስ የየወረዳው አሸናፊ ስሙ ራሱ ሜዳ በሆነው መሐል ሜዳ ይገናኛል፤ ጊሼና መርሐ ቤቴም ይጨመራሉ። አንድ ጥብቅ ሕግ ይበቃል፦ ያሸነፈ አጥቢያ ከሌላ አጥቢያ ተጫዋች ሳይዋስ፣ በራሱ ልጆችና በራሱ ስም ያልፋል። የዳኛው ሥልጣን፣ የሰዓቱና የሜዳው ልክ ሲጻፍም የግጥም አውጪው ተራ አብሮ ይጻፍ። የተሸነፈው አጥቢያ ውጤቱን በጥር ይረሳዋል፤ የተወጋበትን ግጥም ግን እስከሚቀጥለው ታኅሣሥ ያመነዥከዋል፣ ዱላውንም የሚያሰናዳው በእሱ ነው።