የጠርሙሱን ጀርባ ሳያነቡ ቦርቦን ማድነቅ

ቦርቦን የተባለውን የአሜሪካ አረቄ ፍለጋ ኬንተኪን በመኪና የሚዞሩ ወገኖቼ ያናድዱኛል። ከዋሽንግተን ያን ሁሉ መንገድ ነድተው፣ አሮጌ ጣውላ የተለበጠ አዳራሽ ገብተው፣ የተሰቀለ የአያት ፎቶግራፍ አይተው፣ «ይሄማ የእጅ ሥራ ነው» እያሉ ጠርሙስ ተሸክመው ይወጣሉ።

ስለ ቀለሙና ስለ ጣዕሙ የሚያስተምር ሞልቷል። ሕጉም ግልጽ ነው፦ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ፣ ውስጡ በእሳት የከሰለ አዲስ የኦክ በርሜል፣ ቀለምም ማጣፈጫም የሌለበት። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይህን አረቄ ማን አወጣው?

ጠርሙሱን አዙሩት። «ያሸገው እገሌ» ብቻ ካለ፣ ከሌላ ቤት የተገዛ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ቀጥሎ ግዛቱን ፈልጉ። ላውረንስበርግ የሚባል ከተማ ኬንተኪ ውስጥ አለ፤ አንጋፋው አረቄ አውጪ ጂሚ ረሰል እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ የጀመሩበት ዋይልድ ተርኪ የተባለው የቦርቦን ቤት እዚያ ነው። ሌላ ላውረንስበርግ ደግሞ ኢንዲያና ውስጥ አለ፤ የቀድሞው የሲግራም ኩባንያ ፋብሪካ ከዚያ ሆኖ አረቄውን ለብዙ የንግድ ስም ይሸጣል። አረቄው የወጣበት ግዛት ከአሻጊው አድራሻ ከተለየ መጻፍ ግዴታ ስለሆነ፣ በደቃቅ ፊደል ጥግ ላይ ይወሽቁታል። የኢንዲያናው መጥፎ አይደለም፤ እጅግ ጥሩ የሆነም ቀምሻለሁ። ጠቤ የሰው ድካም የአያቴ ነው ብሎ ከሚሸጠው ጋር ነው፤ ይበልጡን ደግሞ አምኖ ከሚያደንቀው ጋር።

ስለዚህ ድፍድፉ ሲንተከተክ ካላሳየኝ ቤት አልገዛም። አገር ቤት አረቄ ሲወጣ እያየ ያደገ ሰው ያን ኮምጣጣ የእህል ሽታ ያውቀዋል፤ አዳራሹ ቫኒላ ቫኒላ ብቻ ከሸተተው ይውጣ። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል ካገኛችሁ ግን ግዙ። እ.ኤ.አ. ከ1897ቱ ሕግ የመጣው ደንብ የአንድ ቤት፣ የአንድ ወቅት ሥራ፣ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየ፣ አልኮሉም 50 በመቶ እንዲሆን ያዛል።

ኬንተኪ ባርድስታውን ውስጥ በርሜል ሲያንከባልሉ ያረጁ አንድ መጋዘን ጠባቂ አውቅ ነበር። ጎብኚ ሁሉ የአረቄውን ዕድሜ ሲጠይቃቸው ይከፋቸው ነበር። «ስንተኛ ፎቅ ላይ ተኛ በሉ» ይሉን ነበር። ላይኛው ፎቅ በበጋ ስለሚግል አረቄው እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ታችኛው ቀዝቃዛ ነው፣ በዝግታ ይበስላል። መዳፋቸው ላይ ጠብታ አፍስሰው፣ አሽተው፣ አሽትተው፣ ፎቁን ይናገሩ ነበር። በርሜሉን ራሱ ያስተኛ ሰው ለዚህ ጥያቄ ወዲያው ይመልሳል። አስጎብኚው ስለ አያቱ ማውራት ከጀመረ ጠርሙሱን መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።