የግሸን አምባ፣ እስር ቤቱ

ከደሴ ተነስቶ ወደ አምባሰል፣ ወደ ግሸን የሚጓዘው ምእመን መስከረም 21ን አስቦ፣ ግማደ መስቀሉን ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ያንን አምባ ሳስብ የሚደንቀኝ የእስር ቤትነቱ ታሪክ ነው።

ግንቡን ማንም አልገነባውም፤ ዙሪያው ገደል ነው። በመካከለኛው ዘመን የነገሥታቱ ልጆችና ወንድሞች ዙፋን እንዳይሻሙ እዚያ ይወጡና ይቀሩ ነበር። እዚያው ያገባሉ፣ ይወልዳሉ። ዘራቸው እየበዛ አምባው የመሳፍንት መንደር ሆነ፤ እነሱን የሚጠብቅ ዘበኛም አያሌ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ በዚያ ሲያልፍ ወደ አምባው የተጠጋ መንገደኛ በድንጋይ ውርጅብኝ እንደሚመለስ በራሱ ደርሶበት አይቷል። ከእስረኞቹ ደብዳቤ ሾልኮ ሲወጣ ጠባቂዎቹ ራሳቸው እንደተገረፉም ጽፏል። ጭካኔውን አላደንቅም።

የማደንቀው እስረኞቹን ነው። ገደል ከዓለም ቢለያቸው ከመጻሕፍት አልለያቸውም፤ መሳፍንቱ በትምህርትና በመዝሙር ድርሰት ስም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1434 ለንግሥና የተጠሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከዚሁ ወርደው ነው በአገሪቱ ታሪክ ከታወቁት ደራሲ ነገሥታት ቀዳሚው የሆኑት። አፄ ናዖድም የግሸን ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ምሩቅ ያወጣ እስር ቤት የት አለ?

እ.ኤ.አ. በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ ጠባቂውም እስረኛውም በአንድነት አለቀ። የጎንደር ነገሥታት መሳፍንትን በአምባ የማሰሩን ልማድ ሲመልሱት ቦታው በጌምድር፣ ወህኒ አምባ ሆነ።