የጨረቃ መውጣት በጥቁርና በነጭ

አሜሪካዊው አንሰል አዳምስ በ1941 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር፥ በኒው ሜክሲኮ ኸርናንዴዝ በምትባል መንደር የጨረቃን መውጣት በፎቶግራፍ አነሣ። የብርሃን መለኪያውን ፈልጎ ቢያጣ፥ የጨረቃን ድምቀት ልክ በቃሉ ያውቅ ነበርና በዚያው አስልቶ አነሣ፤ ሁለተኛ ሳይደግም ፀሐይ ከመቃብሩ መስቀሎች ላይ ራቀች።

ሥራው ግን በዚያ አልተፈጸመም። በጨለማ ክፍል ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ አተመው፤ በፊተኞቹ ኅትመቶች በላይኛው ሰማይ የታየው ስስ ደመና በኋለኞቹ በጥቁረት ተዋጠ። ይህን ሐሰት ነው የሚል አይጠፋም። በእኛ አስተያየት ግን መስቀሎቹ ጐልተው የሚያበሩት ሰማዩ በመጥቈሩ ነው፤ ብቻ የምሽቱ ለስላሳነት ቀንሷል።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ለራሱ ደስታ የሚማር ሰው ማተምንም በገዛ እጁ ይልመድ፤ ምን እንደሚጐላና ምን እንደሚጠፋ የሚፈርደው በዚያ ነውና።