ከፐርናምቡኮ የተጠረበ ደጋን

ኦርኬስትራ ሲጫወት የተመልካቹ ዓይን ቫዮሊኑ ላይ ያርፋል። የቫዮሊን ሠሪውን የስትራዲቫሪን ስም ብዙ ሰው ሰምቷል፤ በቀኝ እጅ የሚያዘውን ቀጭን ዘንግ ማን እንደ ጠረበው የሚጠይቅ ግን የለም ማለት ይቻላል። ይህ በደል ነው ባይ ነኝ። ደጋኑ ክብደቱ 60 ግራም፣ ርዝመቱም 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የፈሰሰበት ጥበብ ግን ከቫዮሊኑ አያንስም።

እንጨቱ የብራዚል ነው። በአትላንቲክ ዳርቻ ደን ውስጥ የሚበቅለው ይህ ዛፍ ግንዱ እሾሃማ፣ አበባው ቢጫ ነው። ብራዚላውያን ፓው ብራዚል ይሉታል፤ የአገራቸው ስምም የመጣው ከእሱ ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1500 እዚያ ከደረሱ በኋላ ዛፉን የፈለጉት ለቀለሙ ነበር። ከግንዱ ልብ የሚወጣው ቀይ ማቅለሚያ ለአውሮፓ ጨርቅ ስለሚፈለግ ግንዱ ለዘመናት በመርከብ ሲጋዝ ኖሯል። ደጋን ሠሪዎች ፐርናምቡኮ የሚሉት ይህንኑ የግንዱን ልብ ነው። ገና ሲሰነጠቅ ብርቱካናማ ነው፤ ውሎ ሲያድር እየጠቆረ ወደ ቀይ ዳማ ይሄዳል። ከባድና ጥቅጥቅ ያለ ሆኖ ሳለ ሲያጎብጡት ይታዘዛል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ንዝረትንም ውጦ አያስቀርም። እነዚህን ጠባዮች አንድ ላይ የያዘ እንጨት ብርቅ ነው።

የዛሬውን ደጋን ቅርጽ ያስያዘው እ.ኤ.አ. በ1835 የሞተው የፓሪሱ ፍራንሷ ቱርት ነው። በወጣትነቱ የሰዓት ሥራ ተምሯል፤ ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበርም ይባላል። ከእሱ በፊት የአውሮፓ ደጋን እንደ ማሲንቋችን ደጋን ወደ ውጭ የጎበጠ ወይም ቀጥ ያለ ነበር፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው የእባብ ቆዳ ከሚመስለው የጉያና እንጨት ነበር። አዲሱ ደጋን ግን ወደ ውስጥ፣ ወደ ፈረስ ጭራ ፀጉሩ ይጎብጣል። ሙዚቀኛው ፀጉሩን በብሎን ሲወጥረው ዘንጉ ይለጠጣል፤ ለመመለስ ስለሚታገልም ለእጁ ኃይል ይሰጠዋል።

ይህ ጉብጠት ተጠርቦ የሚወጣ አይደለም፤ በእሳት የሚመጣ ነው። ሠሪው ዘንጉን በመጋዝ ያወጣል፣ በመላጊያ ስምንት ማዕዘን ያደርገዋል፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ነበልባል ላይ ያሞቀዋል። ሙቀቱ እስከ መሀሉ ካልዘለቀ ጉብጠቱ ከጊዜ በኋላ ይለቃል፤ ከበዛም ገጹ ያራል። ልኩን የሚያውቀው እጅ ነው። አጉብጦ ይይዘዋል፣ ሲበርድ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በዘንጉ ርዝመት ያያል፣ ወደ ጎን የዞረ ነገር ካለ እንደገና ወደ እሳቱ።

ውፍረቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። በእጅ መያዣው በኩል 8.6 ሚሊ ሜትር የሆነው የቱርት ዘንግ ጫፉ ላይ ሲደርስ 5.3 ይሆናል። የሚቀጥንበት አካሄድ ግን ወጥ አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ መሣሪያ ሠሪ ዣን ባቲስት ቪዮም የቱርትን ደጋኖች ለክቶ ቅጥነቱ የሎጋሪዝም ሥርዓት እንደሚከተል አሳይቷል። ቱርት ይህን ያገኘው በጣቱና በዓይኑ መሆኑን ሳስብ መደነቄን አልተውም።

የደጋኑን ራስ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከዘንጉ ተቀጥሎ ሳይሆን ከዚያው አንድ እንጨት ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ የእንጨቱ ጅማት ከተሻገረ ይሰበራል። ፊቱ ላይ ስስ የአጥንት ንጣፍ ተለጥፏል። በውስጡ ጠባብ ጉድጓድ አለ፤ 150 ገደማ የፈረስ ጭራ ፀጉሮች ታስረው ይገቡበታል፤ በላያቸው ትንሽ የእንጨት ውታፍ ይጠቀጠቃል። ማጣበቂያ አይደረግበትም። ውታፉ ልክ ሆኖ ስለተቆረጠ ብቻ ያን ሁሉ ውጥረት ይችላል፤ ፀጉሩ የሚቀየርበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ጉድጓዱን ሳይጎዳ ይወጣል። የሠሪውን ብቃት የምለካው በዚህች ማንም በማያያት ውታፍ ነው።

ደኑ ግን ተመናምኗል። ብራዚል ዛፉን እ.ኤ.አ. በ1978 ብሔራዊ ዛፏ አድርጋዋለች፤ ከ2007 ጀምሮም ንግዱ በዓለም አቀፉ የሳይትስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው። ደጋን ሠሪዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ማኅበር አቋቁመው ችግኝ እንዲተከል እየደገፉ ነው። ከአንድ ግንድ ለደጋን የሚበቃው ጥቂት ሲሆን የቀረው ፍቅፋቂና ፍርፋሪ ይሆናል። ስለዚህ በግዴለሽ እጅ የተበላሸ ፐርናምቡኮ ሁለት ጊዜ ይቆጨኛል። ልጁን ቫዮሊን ለሚያስተምር ወላጅ የምመክረው በካርቦን ፋይበር ደጋን እንዲያስጀምረው ነው፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ፐርናምቡኮው ለሚያውቅበት ጠራቢና ለሚያውቅበት ተጫዋች ይቆይ።