አታላዩና ተታላይዋ፤ ስለ አንድ የቼክ ፊልም የተሰጠ አስተያየት

የማታለል ታሪክ ሲቀርብልን አታላዩን ለመርገም፣ ተታላይዋንም ለመገሠጽ እንቸኩላለን። ሚሎሽ ፎርማን እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ያወጣው «የአንዲት ወርቃማ ጠጕር ልጅ ፍቅሮች» የተሰኘው የቼኮስሎቫኪያ ፊልም ግን ከፍርድ በፊት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም ውሸቱ የበቀለበት መሬት ምን ዓይነት ነው? የሚል ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው የጫማ ፋብሪካ ባለባት ትንሽ ከተማ ነው። ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ልጃገረዶች ስለሆኑ የፋብሪካው ሹም ብቸኝነታቸውን አይቶ ወታደሮች በከተማዋ እንዲሰፍሩለት የጦሩን ሹማምንት ይለምናል። ልጃገረዶቹ ጎረምሶች ይመጣሉ ብለው ባቡሩን ሲጠብቁ የሚወርዱት ግን ዕድሜያቸው የገፋ ተጠባባቂዎች ናቸው። በጭፈራው አዳራሽ አንደኛው የጋብቻ ቀለበቱን ሊሸሽግ ከጣቱ ሲያወልቀው ቀለበቱ አምልጦ በየጠረጴዛው ሥር ይንከባለላል። ተመልካች ይሥቃል፤ ነገር ግን ያ ሣቅ የሚመጣውን ኀዘን መንገድ ይጠርግለታል።

ሃና ብሬይሆቫ የምትጫወታት አንዱላ ከወታደሮቹ ሸሽታ ከፕራግ በመጣው ወጣት ፒያኖ መቺ በሚልዳ እጅ ትወድቃለች። እርሱም በፕራግ ወዳጅ እንደሌለው ይነግራታል። ለአንድ ሌሊት የተነገረውን ቃል ለዕድሜ ልክ ወስዳ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ወደ ወላጆቹ ቤት ትሄዳለች። በዚያም እናትና አባት ከልጃቸው ጋር በአንድ አልጋ ላይ ሆነው ስለ እርሷ ሲጨቃጨቁ ከበሩ በስተኋላ ሆና ትሰማለች፤ ታለቅሳለችም። ወደ ማደሪያዋ ስትመለስ ግን ለባልንጀራዋ መልካም አቀባበል እንደተደረገላት ታወራለች።

የፊልሙ ምሥጢር በዚህ መጨረሻ ላይ ይገኛል። የሚልዳ ውሸት ሌላውን ለመጥቀም ያልታሰበ የተራ ሰው ውሸት ነው፤ የአንዱላ ውሸት ግን ክብሯን የምትሸፍንበት ነጠላ ነው። ፎርማን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አላስቀመጣቸውም፤ ስብከትም አልጨመረበትም። የሚልዳን ወላጆች ሙያቸው ተዋናይነት ላልሆነ ሰዎች መስጠቱም ጭቅጭቁን የጎረቤት ቤት ጭቅጭቅ አስመስሎታል።

ይህ ታሪክ ለአዋሽ ሸለቆ ከተሞች እንግዳ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው የጂቡቲ ምድር ባቡር ምክንያት ያደገች ከተማ ናት፤ የአፋር ክልል ርእሰ ከተማ ሠመራም የከባድ መኪና ሹፌሮች ወደ ጂቡቲ በሚያልፉበት አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሥራ ከየአገሩ የሰበሰባቸው ወጣቶች የሚኖሩበት፣ መንገደኛ አድሮ የሚያልፍበት ስፍራ ሁሉ የአንዱላ ከተማ ነው። አላፊው ቃል ሰጥቶ ይሄዳል፤ ቃሉን ይዛ የምትቀረው ነዋሪዋ ናት። ወሬውም የሚያርፈው በእርሷ ላይ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1957 ዓ.ም.፣ በአገራችን የወጣው የኢላላ ኢብሳ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው?» የሚል ስም ነበረው። ስሙ ራሱ የሸሸውን ወንድ ይጠራል። ፎርማን በአንጻሩ ሚልዳን በቀላሉ ይለቀዋል፤ ወጣቱ በእናቱ ቁጣ ተሸፍኖ ይቀራል እንጂ በአንዱላ ፊት ቆሞ ስለ ቃሉ ሲመልስ አናየውም። በዚህ ነጥብ የእኛው አርእስት ይበልጣል እላለሁ።

ፊልሙ ለምርጥ የውጭ ቋንቋ ፊልም የኦስካር ሽልማት ታጭቶ ነበር፤ ፎርማንም ኋላ በአሜሪካ «አማዴዎስ»ን የመሰለ ታላቅ ሥራ ሠርቷል። ይሁን እንጂ ለእኛ የሚጠቅመን ዝናው አይደለም። የሚጠቅመን ትምህርት፣ የተታለለችውን ሰው ሞኝ ከማለታችን በፊት ያንን ቃል እንድታምን ያደረጋትን ብቸኝነት መመርመር፣ ቃሉን የሰጠውንም ስሙን ጠርቶ መጠየቅ ተገቢ መሆኑ ነው።