የጠፋ መልእክት ወይስ የዘገየ ድራይቨር?

የአቃቂ ከርሰ ምድር ውኃ ከአዲስ አበባ ዋና ዋና የውኃ ምንጮች አንዱ ነው። ጉድጓዶቹ የተራራቁ በመሆናቸው ፓምፖቻቸውን ከአንድ ክፍል ሆኖ መከታተል ለሚፈልግ ሰው አንዱ ርካሽ መንገድ በየጣቢያው በሊኑክስ የሚሠራ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጦ ከፓምፕ መቆጣጠሪያዎቹ ጋር በአርኤስ-485 ሽቦና በሞድባስ ደንብ ማገናኘት ነው። ሞድባስ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ቢሆንም ዛሬም ያገለግላል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲያስቸግር የሚሰማው አቤቱታ "አልፎ አልፎ መልስ ይጠፋል" የሚል ነው፤ ቀድሞ የሚታሰበው መፍትሔም በፈሩን (የገቡ ባይቶች ማቆያውን) ማስፋት ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ከጠፋ መልእክት ይልቅ የዘገየ ድራይቨር፣ ማለትም መስመሩን በጊዜ ያልለቀቀ ላኪ፣ መጠርጠር አለበት እላለሁ።

ስሌቱን እንየው። በ9600 ቦድ እያንዳንዱ ባይት 11 ቢት ይዞ ሲጓዝ፣ የተለመደው ባለ 16 ባይት የመቀበያ ማቆያ እስኪሞላ 18 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከርነሉ ይህን ያህል ጊዜ ኢንተራፕት ሳያስተናግድ የሚቆየው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ማቆያው ሞልቶ ፈሰሰ የሚለው ጥርጣሬ ደካማ ነው። ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው አርኤስ-485 ግን ንግግሩ በተራ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጥያቄውን ልኮ እንደጨረሰ መስመሩን መልቀቅ አለበት። ሞድባስ የፓምፑን መቆጣጠሪያ እንዲታገስ የሚያስገድደው ለሦስት ተኩል ባይት ያህል፣ ማለትም ለ4 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። መስመር መልቀቁ ለተራ ፕሮግራም ከተተወና ከርነሉ በዚያች ቅጽበት ሚሞሪ ካርድ ላይ በመጻፍ ከተጠመደ፣ 4 ሚሊ ሰከንድ በቀላሉ ታልፋለች። መልሱ መምጣት ሲጀምር እኛ መስመሩን ገና አልለቀቅንም። በፈሩ አንድ ሜጋባይት ቢሆን እንኳ አይጠቅምም፤ ያልገባ ባይት አይጠራቀምምና።

"ጥፋቱ የፓምፕ ሞተሮቹ የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው" የሚል ይኖራል። ኢንቨርተር የተገጠመለት ሞተር የመገናኛ ሽቦን እንደሚረብሽ አልክድም። ምልክታቸው ግን ይለያያል፤ ረብሻ መልእክቱን የትም ቦታ ሊመታው ይችላል፣ የዘገየ ድራይቨር ግን የመልሱን መጀመሪያ ቆርጦ መጨረሻውን ደህና አድርጎ ያደርሳል። ሊኑክስ በፕሮክ ማውጫ ውስጥ የሲሪያል ወደቡን የመፍሰስና የፍሬም ስህተት ብዛት ቆጥሮ ይይዛል፤ የመፍሰሱ ቆጠራ ዜሮ ከሆነ የበፈሩ ክርክር እዚያው ያበቃል። "ደግሞ መጠየቅ ይበቃል" የሚለውም አያሳምነኝም፤ ያልመለሰው ፓምፕ ሲጠበቅ የሌሎቹ ሁሉ ተራ ይገፋል፣ መጥፋቱም ወደ መዘግየት ይለወጣል እንጂ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሊኑክስ 6.12 ወደ ዋናው ከርነል የገባው የሪል ታይም አሠራር የከፋውን መዘግየት በእርግጥ ያሳጥራል፤ ትልቅ ሥራ ነው። ሆኖም መስመሩን ራሱ ሃርድዌሩ የሚለቅ ከሆነ ያ ሁሉ ጥድፊያ ለዚህ ችግር አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ጣቢያ የምትሠሩ ሁሉ፣ በፈሩን ከመንካታችሁ በፊት ቆጠራውን አንብቡ፤ የተቆረጠውን መልስ ባይት በባይት መዝግቡ፤ ቺፑ የሚፈቅድ ከሆነም መስመር መልቀቁን ለሃርድዌሩ ስጡት።