«አዲስ ዓለም» ስለ ተባለው መጽሐፍ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» ልጁን ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሰድ ሰው ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ ዐወቀ በፓሪስ ተምሮ ይመለሳል፤ ነገር ግን ብርቱው ፈተና የሚጠብቀው በሰው አገር ሳይሆን በአባቱ ቤት ነው። አባቱ በሞቱ ጊዜ ስለ ተዝካሩ ድግስ ከዘመዶቹ ጋራ ይጣላል። እርሱ ከንቱ ወጪ የሚለውን፥ እነርሱ ለሟቹ የሚገባ ክብር ይሉታል።

ደራሲው ጠቡ በካህናት ጉባኤ እንዲታይ ማድረጋቸው የሚመሰገን ነው፤ ልማድ በስድብ ሳይሆን በምክር ይታረማልና። ዳሩ ግን ለዐወቀ እጅግ ያደላሉ። የዘመዶቹ ኀዘን እንደ አለማወቅ ብቻ ተቈጥሮ ቀርቷል።

ለተማሪ ስንሰንቅ ልብሱንና ገንዘቡን እናስባለን። የሚበልጠው ስንቅ ግን የአገሩን ሥርዓት ከነምክንያቱ ማወቅ ነው። ተዝካር ስለ ምን እንደሚደረግ ከመምህራን ጠይቆ የሄደ ልጅ፥ የሰውን አገር ልማድ ሲያይ አይደነግጥም፤ ሲመለስም የሚነቅፈውን ከሚያከብረው ለይቶ ይናገራል። ዐወቀ የጐደለው ይህ ነበር፤ መጽሐፉም ሳያስበው ይህን ያስተምረናል።